የሕዝብ ሜዳ ሲታደስ፦ ከቤትፔጅ የጎልፍ ሜዳ የምንማረው

ሕዝብ የሚወደው፣ በአነስተኛ ዋጋ የሚገባበት አሮጌ ቦታ ሊታደስ ነው ሲባል ሁለት ስጋት አብሮ ይመጣል። አንደኛው፣ አዳሹ ቦታውን ያስወደደውን ነገር አብሮ ጠርጎ እንዳያጠፋው ነው። ሁለተኛው፣ ከእድሳቱ በኋላ የሚተመነው ዋጋ የድሮውን ደንበኛ ከበር እንዳይመልሰው ነው። ይህ ማብራሪያ ሁለቱን ስጋቶች በአንድ እውነተኛ ምሳሌ ይመረምራል። ምሳሌው በአሜሪካ ኒው ዮርክ ግዛት፣ ሎንግ አይላንድ ላይ የሚገኘው «ቤትፔጅ ብላክ» የተባለ የጎልፍ ሜዳ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ፣ የጎልፍ ሜዳ ከምን ከምን ይሠራል?

ጎልፍ ተጫዋች ትንሽ ጠንካራ ኳስ በዱላ እየመታ፣ በተቻለው መጠን በጥቂት ምት፣ ቀዳዳ ውስጥ ይከታል። ሙሉ ሜዳ 18 ቀዳዳ አለው፤ እያንዳንዱ ቀዳዳም የራሱ መነሻና መድረሻ ያለው መስመር ነው። ኳሱ የሚመታበት ደልዳላ መነሻ «ቲ» ይባላል። ሣሩ አጥሮ የታጨደው መሄጃ «ፌርዌይ» ነው። ከግራና ከቀኝ ያለው ረጅም ሣር «ራፍ» ይባላል። መጨረሻ ላይ ቀዳዳው የተቆፈረበት፣ ሣሩ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ እስኪቀረው የተላጨው ስፍራ ደግሞ «ግሪን» ነው። በየመካከሉ አሸዋ የተሞሉ ጎድጓዳ ስፍራዎች አሉ፤ «ባንከር» ይባላሉ። ኳሱ እዚያ የገባበት ተጫዋች ይቸገራል።

የነዳፊው ጥበብ ያለው በእነዚህ ክፍሎች አቀማመጥ ላይ ነው። ባንከሩ የት ቢቆፈር ደፋሩን ይፈትናል? ጠንቃቃውስ በየት በኩል ዞሮ ይለፍ? ግሪኑ ወዴት ቢያዘነብል የመጨረሻዋን ምት ያከብዳታል? ጥሩ ሜዳ እነዚህን ጥያቄዎች በየቀዳዳው በተለያየ መንገድ ይጠይቃል። ስለዚህ እድሳት የሚነካው ሣሩን ብቻ አይደለም፤ ነዳፊው የተወውን ሐሳብ ጭምር ነው።

ቤትፔጅ የተወለደው በችግር ዘመን ነው

በ1930ዎቹ አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ተመትታ ነበር። በሎንግ አይላንድ የመናፈሻ ኮሚሽን መሪ ሮበርት ሞዝስ ዘመን፣ ግዛቲቱ ቀድሞ የአንድ ባለጸጋ ርስት የነበረውን ሰፊ መሬት ገዝታ ወደ ሕዝብ መናፈሻነት ቀየረችው። ለጉልበት ሥራው የተሰማሩት መንግሥት በእርዳታ መርሐ ግብር የቀጠራቸው ሥራ አጦች ነበሩ። ለንድፉ የተጠራው ደግሞ ኤ. ደብሊው. ቲሊንግሃስት ነው። ቲሊንግሃስት ቀደም ብሎ ዊንግድ ፉትንና ባልተስሮልን የመሳሰሉ፣ አባል ያልሆነ ሰው የማይጫወትባቸውን የሀብታሞች ክለቦች ሜዳ የነደፈ ሰው ነው። የመናፈሻው ኃላፊ ጆሴፍ በርቤክም በሥራው ትልቅ ድርሻ ነበረው። ከሁለቱ የማን እጅ ይበልጣል የሚለው ጉዳይ እስከ ዛሬ የታሪክ ጸሐፊዎችን ያከራክራል።

ብላክ የተከፈተው በ1936 ነው። ዛሬ በመናፈሻው ውስጥ በቀለም ስም የሚጠሩ አምስት ሜዳዎች አሉ፤ ከሁሉም የሚከብደው ይኸው ብላክ ነው። በመነሻው ላይ የቆመው ዝነኛ ማስጠንቀቂያ ሜዳው እጅግ አስቸጋሪ መሆኑንና የሚመከረውም ከፍተኛ ችሎታ ላላቸው ብቻ መሆኑን ይናገራል። በብላክ ላይ በጋሪ መሄድ አይፈቀድም፤ ሁሉም በእግሩ ይጓዛል። ባለቤቱ ያኔም ዛሬም የኒው ዮርክ ግዛት ነው። ለሀብታም ክለብ የሚሠራው ዓይነት ሜዳ አውቶቡስ ነጂውና መምህሩም ከፍለው ይጫወቱበት ዘንድ መሠራቱ የቤትፔጅ ፍቅር ምንጭ ነው።

ሜዳ እንዴት ያረጃል?

የጎልፍ ሜዳ ሕይወት ባለው ነገር የተሠራ ስለሆነ ማንም ሳይነካው እንኳ ቅርጹ ይለወጣል። እርጅናው የሚገባው ቀስ በቀስ፣ በአምስት በኩል ነው።

ግሪን ይጠባል። ሣር አጫጁ ከዳር ያለውን ረጅም ሣር ላለመላጨት ጥቂት ጣት ያህል ወደ ውስጥ ገባ ይላል። ይህ በየዓመቱ ሲደጋገም ማዕዘን የነበረው ግሪን ክብ ይሆናል፤ ነዳፊው ቀዳዳውን ሊያኖርበት ያሰበው የዳር ቦታም በራፍ ይዋጣል።

ባንከር ቅርጹን ያጣል። ተጫዋች ኳሱን ከአሸዋ ሲያወጣ አሸዋው አብሮ ወደ ጠርዙ ይረጫል፤ ጠርዙም በዓመታት ብዛት ያብጣል። ዝናብ ደግሞ አፈርን ወደ ውስጥ አጥቦ አሸዋውን ያቆሽሻል። የአሜሪካ የጎልፍ ሜዳ ነዳፊዎች ማኅበር የባንከር አሸዋን ዕድሜ ከ5 እስከ 7 ዓመት፣ የግሪንን ከ15 እስከ 30 ዓመት፣ የመስኖ መስመርን ከ10 እስከ 30 ዓመት አድርጎ ይገምታል።

ዛፍ ያድጋል። ሜዳው ሲሠራ ችግኝ የነበረው ዛፍ ከ50 ዓመት በኋላ ፀሐይና ነፋስ ይከለክላል፤ ከሥሩ ያለው ሣር በእርጥበት ይታመማል። አንዳንዴም ነዳፊው ክፍት የተወውን መንገድ ይዘጋል።

አፈር ይጠቀጠቃል። በየቀኑ ከማለዳ እስከ ምሽት በሰው እግር የሚረገጥ መሬት ውኃም አየርም አያስገባም። ይህ በግል ክለብ ያን ያህል አይታይም፤ ዓመቱን ሙሉ ወረፋ በማይጠፋበት የሕዝብ ሜዳ ግን ዋነኛው በሽታ ነው።

በመጨረሻም ቧንቧ ይዘጋል። በመሬት ውስጥ የተቀበረው የውኃ ማፋሰሻ በደለል ሲሞላ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ሜዳው ጭቃ ይሆናል። ጭቃ የሆነ ሜዳ ይዘጋል፤ የተዘጋ ሜዳ ገቢ የለውም፤ ገቢ የሌለው ሜዳ ጥገና አያገኝም። የብዙ የሕዝብ ሜዳዎች ውድቀት የሚጀምረው ከዚህ አዙሪት ነው። ቤትፔጅ ብላክም በ1990ዎቹ አጋማሽ ላይ ሲደርስ በጀት ያነሰው፣ ሣሩ የተራቆተ፣ ባንከሮቹ የፈራረሱ ሜዳ ሆኖ ነበር።

«እድሳት» ሲባል ሦስት የተለያየ ሥራ አለ

የመጀመሪያው መመለስ ነው። አዳሹ የድሮ ንድፍና ከአውሮፕላን የተነሣ ፎቶግራፍ ያጠናል፤ የአፈር ናሙና እያወጣ የጥንቱ ግሪን ዳር የት እንደነበር ይፈልጋል፤ ከዚያም የጠፋውን ቅርጽ መልሶ ያወጣል። ሁለተኛው መጠገን ነው፤ መልኩን ሳይነካ ማፋሰሻውን፣ መስኖውን፣ አሸዋውንና ሣሩን ይለውጣል። ሦስተኛው እንደገና መንደፍ ነው፤ የቀዳዳዎቹን መስመር ሳይቀር ይቀይራል።

በተግባር ሦስቱ ይደባለቃሉ፤ ሆኖም ዋናው የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ መወሰን አለበት። ገንዘብ አነስተኛ ከሆነ ሁለተኛው ይቅደም። ዓይን የሚስበው አዲስ ባንከር ቢሆንም ሜዳውን በዝናብ ማግስት የሚያስከፍተው የተቀበረው ቧንቧ ነው። ባንከሩን አሳምሮ ማፋሰሻውን የዘነጋ እድሳት ላዩ አምሮ ውስጡን ለቄስ ይሆናል።

በቤትፔጅ ምን ተደረገ?

የአሜሪካ ጎልፍ ማኅበር ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበረው ዴቪድ ፌይ አንድ ሐሳብ አመጣ፦ የአገሪቱ ታላቅ ውድድር የሆነው ዩኤስ ኦፕን ለምን በሕዝብ ሜዳ ላይ አይደረግም? ውድድሩ ቀደም ሲል ማንም ከፍሎ በሚጫወትባቸው እንደ ፔብል ቢች ባሉ ሜዳዎች ተካሂዷል፤ እነዚህ ግን የግል ንብረት ናቸው። በመንግሥት ባለቤትነት በሚተዳደር ሜዳ ላይ ተደርጎ አያውቅም ነበር።

ስምምነት ላይ ተደረሰ። ማኅበሩ ለእድሳቱ 3 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከራሱ አወጣ። የሜዳ ነዳፊው ሪስ ጆንስ ደግሞ ያለ ክፍያ ሠራ። ሥራው በ1997 ተጀምሮ ሜዳው በ1998 ዳግም ተከፈተ። ጆንስ የቀዳዳዎቹን መስመር እንዳለ ተወው። ዋና ትኩረቱ ባንከሮቹን እንደገና ማውጣት ነበር። በተለይ አራተኛው ቀዳዳ ላይ መንገዱን በሰያፍ የሚያቋርጡት ግዙፍ ባንከሮች የሜዳው መለያ ናቸው። ለባለሙያ ተጫዋቾች ወደ ኋላ የራቁ አዳዲስ መነሻዎችም ተጨመሩ። ተራው ተጫዋች ግን ፊት ካሉት መነሻዎች መጫወት ይችላል፤ ስለዚህ ሜዳው ለአንዱ ሲረዝም ለሌላው እንደ ነበር ቀረ።

በ2002 ዩኤስ ኦፕን ቤትፔጅ ላይ ተካሄደ። ታይገር ውድስ አሸነፈ፤ ከሜዳው መደበኛ የምት ቁጥር በታች የጨረሰውም እሱ ብቻ ነበር። ውድድሩ በ2009 ሲመለስ ኃይለኛ ዝናብ ጨዋታውን እያቋረጠ ፍጻሜውን ወደ ሰኞ አሻገረው። በ2019 ሌላው ታላቅ ውድድር የፒጂኤ ሻምፒዮና፣ በ2025 ደግሞ አሜሪካና አውሮፓ የሚገናኙበት ራይደር ካፕ እዚያው ተደረጉ።

ዋጋው ለምን ከሕዝቡ አልሸሸም?

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮች ተደምረው ሠርተዋል።

አንደኛ፣ መሬቱ አልተሸጠም፤ ለረጅም ጊዜ ለግል ክለብም አልተከራየም። ባለቤቱ ግዛቲቱ ስለሆነች ዋጋ የሚወሰነው በሕዝብ ፊት ነው። ሁለተኛ፣ የእድሳቱ ገንዘብ ከተጫዋቹ ኪስ የሚመለስ ብድር አልነበረም። ሦስተኛ፣ ክፍያው ሁለት ደረጃ አለው፦ በብላክ ላይ ከሌላ ግዛት የመጣ ሰው የኒው ዮርክ ነዋሪ ከሚከፍለው በእጅጉ የበለጠ ይከፍላል። ነዋሪው በሥራ ቀን የሚከፍለው ከ100 ዶላር በታች ነው። ይህ ገንዘብ ለብዙ ሰው ቀላል አይደለም፤ ሆኖም በፔብል ቢች አንድ ዙር ከ600 ዶላር በላይ እንደሚጠይቅ ስናስብ ልዩነቱ ይገባናል።

የቴክሳሷ ሂዩስተን ከተማም ተመሳሳይ መንገድ ተከትላለች። በ1936 የተከፈተው የከተማዋ ሜሞሪያል ፓርክ ሜዳ በነዳፊው ቶም ዶክ ታድሶ በ2019 ሲከፈት፣ ገንዘቡን ያሰባሰበው ከከተማዋ የቤዝቦል ቡድን ባለቤት ጋር የተያያዘ ፋውንዴሽን ነበር፤ የነዋሪው ክፍያም ዝቅተኛ እንዲሆን ተደረገ። ዶክ የተወው ባንከር ብዛት 20 ገደማ ብቻ ነው። ይህ የመልክ ምርጫ ብቻ አይደለም። ባንከር በሜዳ ላይ እጅግ ብዙ ጉልበት የሚበላ ክፍል ስለሆነ፣ ያነሰ ባንከር ማለት ያነሰ የጥገና ወጪ ነው። ለሕዝብ ሜዳ የዋጋ ጉዳይ ገና ከንድፉ ላይ ይጀምራል።

የተነሡ ቅሬታዎች

የቤትፔጅ ታሪክ ያለ እንከን አይደለም። ሜዳው ዝነኛ ሲሆን ፈላጊው በዛ። ያለ ቀጠሮ መጫወት የሚሻ ሰው ቁጥር በተጻፈበት የመኪና ማቆሚያ ተሰልፎ፣ ሌሊቱን መኪናው ውስጥ አሳልፎ ማለዳ ተራውን ይጠብቃል። ገንዘቡ ያልከለከለውን ሰው ጊዜ ሊከለክለው ይችላል ማለት ነው፤ ልጅ የሚያሳድግ ወይም የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ሰው ለዚህ ሰልፍ አይመችም።

ሁለተኛው ቅሬታ ርዝመትን ይመለከታል። በ2002ቱ ውድድር በአንድ ዝናባማ ቀን አንዳንድ ባለሙያዎች እንኳ በአሥረኛው ቀዳዳ ኳሳቸውን ፌርዌዩ ላይ ማድረስ አቅቷቸው አጉረምርመዋል። ለውድድር ሳምንት ተብሎ የተደረገ ለውጥ ለቀሪው ዓመት ይበጃል ወይ የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ሦስተኛው፣ ታላቅ ውድድር ሲዘጋጅ ሜዳው ለተራው ተጫዋች ይዘጋል፤ ባለቤቱ ሕዝብ በራሱ ሜዳ እንግዳ ይሆናል።

እነዚህ ቅሬታዎች እውነት ናቸው። ያም ሆኖ ፍርዱ ለእድሳቱ ያደላል። አማራጩ የድሮው ብላክ ባለበት መቆየት አልነበረም። አማራጩ ሣሩ እያለቀ፣ ቧንቧው እየተዘጋ መሄድ ነበር።

ለአንባቢ፦ የሚጠየቁ አራት ጥያቄዎች

ጎልፍ ተጫውተን ባናውቅም ይህ ትምህርት ይመለከተናል። የእግር ኳስ ሜዳ ይሁን የሕዝብ መናፈሻ፣ ቤተ መጻሕፍት ይሁን አሮጌ ሲኒማ ቤት፣ «ሊታደስ ነው» የሚል ዜና ስንሰማ ሥዕሉ አማረ ብለን ብቻ አንለፈው። አራት ነገር እንጠይቅ። ከእድሳቱ በኋላ ባለቤቱ ማን ነው? ገንዘቡን የሰጠው ወገን በምትኩ ምን ያገኛል? የማይታየው ክፍል፣ ማለትም ቧንቧው፣ መሠረቱና የጥገና በጀቱ፣ በዕቅዱ ውስጥ አለ? ትናንት ይገባ የነበረው ሰው ነገ ስንት ይከፍላል? መልሱ የሚጻፈው ውል ከመፈረሙ በፊት ነውና ጥያቄውም ከዚያ በፊት ይቅረብ።