ከመኪናው ሥር «ቋ» የሚለው ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ አሮጌ ላንድክሩዘር አለኝ። ስነሳና ማርሽ ስቀይር ከሥሩ «ቋ» ይላል፤ ፍጥነት ስጨምር ደግሞ ያጓራል። ካምቢዮው ይፈታ ተባልኩ። ልስማማ?

መልስ፦ አይቸኩሉ፤ ካምቢዮ ማስፈታት የመጨረሻው እርምጃ ይሁን። «ቋ» የሚለው ድምፅ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከተበላ ክሮቼራ፣ ማለትም ከካምቢዮው ወደ ዲፈረንሻሉ ከሚሄደው ዘንግ (ትራስሚሲዮን) መገጣጠሚያ ነው። ሞተሩን አጥፍተው፣ ጎማዎቹን በታኮ ደግፈው፣ ከማርሽ አውጥተው ትራስሚሲዮኑን በእጅዎ ያወዛውዙት። ክሮቼራው ከተላወሰ ወይም ዙሪያው ቀይ የዝገት ዱቄት ካለ ይቀየር።

ጉርምርምታውን እየነዱ ይለዩት። ነዳጅ ሲሰጡና ሲለቁ ከተለዋወጠ ዲፈረንሻሉን፣ ሰፊ ኩርባ ላይ ከጨመረ ወይም ከቀነሰ የጎማውን ኩሽኔታ ይጠርጥሩ። የዲፈረንሻሉ ዘይት ሲደፋ የብረት ስብርባሪ ከወጣ ሳይጠገን አይንዱት፤ ዲፈረንሻሉ በጉዞ ላይ ከነከሰ ጎማው ታስሮ ሕይወት ሊጠፋ ይችላል።