«ጊዜያዊ» ሠራተኛ ስድስት ወር ሲሞላው
የጋና የሠራተኛ ሕግና የሙያ ሥልጠና ለባለሀብቱ የሚሰጡት ትምህርት

ነጋዴ ዕቃ ሲገዛ የመጫኛውን፣ የማውረጃውንና የቀረጡን ሒሳብ አስቀድሞ ይደምራል። ሠራተኛ ሲቀጥር ግን ብዙውን ጊዜ የሚያሰላው የወር ደመወዙን ብቻ ነው። በምዕራብ አፍሪካዊቷ ጋና እንዲህ ያለው ሒሳብ ኋላ ላይ ዕዳ ያመጣል። የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና ጽሕፈት ቤት መቀመጫ አክራ ነው። በቀጣናው ሥር የሚካሄደው ንግድም እ.ኤ.አ. በጥር 2021 በይፋ ተጀምሯል። በመሆኑም ወደዚያ ገበያ የሚመለከት ኢትዮጵያዊ ነጋዴ የአገሩን የሠራተኛ ሕግ ቢያውቅ ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም።

ሦስት ዓይነት ሠራተኛ

ጋና በተለያዩ ድንጋጌዎች ተበታትነው የነበሩትን የሥራ ሕጎቿን ያሰባሰበችው እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣችው የሠራተኛ ሕግ ቁጥር 651 ነው። ሕጉ ሠራተኛን የቀን፣ ጊዜያዊና ቋሚ ብሎ ይለያል።

የቀን ሠራተኛ የሚባለው ወቅታዊ ወይም አልፎ አልፎ በሚገኝ ሥራ ላይ ከስድስት ወር ላልበለጠ ተከታታይ ጊዜ የሚሠራና ክፍያው በቀን የሚታሰብ ነው። ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን ሕጉ አያስገድድም። ይህ ማለት ግን መብት የለውም ማለት አይደለም። ለእኩል ሥራ እኩል ክፍያ ያገኛል፤ የትርፍ ሰዓት ይታሰብለታል፤ ድርጅቱ ለሠራተኞቹ ባዘጋጀው ሕክምናም ይጠቀማል። ጠዋት ሥራ ቦታው ተገኝቶ ዝናብ ሥራውን ቢያስቆመው እንኳ የዕለቱ ዝቅተኛ ክፍያ ሙሉ ለሙሉ ይሰጠዋል።

ለነጋዴው ይበልጥ የሚያሳስበው የጊዜያዊ ሠራተኛው ጉዳይ ነው። ጊዜያዊ ሠራተኛ በአንድ አሠሪ ዘንድ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ያለማቋረጥ ከሠራ እንደ ቋሚ ይቆጠራል። የአሠሪው ፈቃድም ሆነ አዲስ የቅጥር ደብዳቤ አያስፈልግም። ከዚህም በላይ ለስድስት ወር ወይም ከዚያ ለበለጠ ጊዜ የሚደረግ የቅጥር ውል በጽሑፍ መሆን አለበት።

የቋሚ ሠራተኛ ሒሳብ

ለምሳሌ ያህል በቴማ ወደብ አጠገብ መጋዘን የከፈተ አንድ አስመጪ በ2,000 ሴዲ መሠረታዊ ደመወዝ የፎርክሊፍት ሾፌር ቀጠረ እንበል። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው የጡረታ ሕግ ቁጥር 766 መሠረት አሠሪው 13 በመቶ፣ ሠራተኛው 5.5 በመቶ ያዋጣሉ። በዚህ ስሌት ከአሠሪው 260፣ ከሠራተኛው 110፣ በድምሩ 370 ሴዲ ይሆናል። ከዚህ ውስጥ 270 ሴዲው ወደ መንግሥታዊው የማኅበራዊ ዋስትና ድርጅት፣ 100 ሴዲው በግል ባለአደራዎች ወደሚተዳደረው ሁለተኛ እርከን ይገባል። ገንዘቡ ወሩ ባለቀ በ14 ቀናት ውስጥ ካልገባ በየወሩ 3 በመቶ ቅጣት ይታከልበታል።

በዚህ ላይ በዓመት ከ15 የሥራ ቀናት የማያንስ የዕረፍት ፈቃድ አለ። ለምትወልድ ሠራተኛ ደግሞ ከ12 ሳምንት የማያንስ የወሊድ ፈቃድ ከነክፍያው ይሰጣል። ለስንብት የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ሦስት ዓመት ላልሞላው ውል ሁለት ሳምንት፣ ለሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነው አንድ ወር ነው፤ ወይም የዚያኑ ያህል ደመወዝ ይከፈላል። ስንብቱ ያለአግባብ ሆኖ ከተገኘ የብሔራዊ ሠራተኛ ጉዳይ ኮሚሽን ሠራተኛው ወደ ሥራው እንዲመለስ ወይም ካሣ እንዲከፈለው ሊያዝ ይችላል።

የአምስተኛው ወር ብልጠት

ይህን ወጪ ለመሸሽ ሠራተኛን አምስተኛው ወር ላይ አሰናብቶ ሌላ መቅጠር የሠራተኛ ማኅበራት ሲያማርሩበት የኖሩት ዘዴ ነው። ላይ ላዩን ሲታይ ቁጠባ ይመስላል። ነገር ግን ሾፌሩ ማሽኑን፣ የመጋዘኑን አደራደርና የደንበኞቹን ጠባይ ለማወቅ ሦስት ወር ከፈጀበት፣ አሠሪው ከሙያው የሚጠቀመው ለሁለት ወር ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ሙያውን ይዞ ወደ ተወዳዳሪው ይሄዳል፤ አዲሱ ሰው ደግሞ ዕቃ እየሰበረ ከሀ ይጀምራል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሏል ይህ ነው።

ጉዳቱ በአንድ ድርጅት አይወሰንም። በጋና አብዛኛው መካኒክ፣ አናጢና ልብስ ሰፊ ሙያውን የሚማረው ከትምህርት ቤት ይልቅ ከባለሙያ ሥር በመለማመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የሕፃናት ሕግ ቁጥር 560 የተለማማጅን ዝቅተኛ ዕድሜ 15 ዓመት አድርጎ፣ ባለሙያው የማሠልጠን ግዴታ እንዳለበትና ልምምዱ ሲያልቅ የምስክር ወረቀት እንዲሰጥ ደንግጓል። መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ2006 የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ምክር ቤት አቋቁሞ፣ በ2020 በኮሚሽን ተክቶታል። ተቋማቱ መሠረታዊ ሙያ ሊያስይዙ ይችላሉ። ሙያው የሚበስለው ግን በሥራ ላይ ነው፤ አሠሪው በየአምስት ወሩ ሰው የሚለዋውጥ ከሆነ በሳል ሠራተኛ ከየትም አይመጣም።

ድርጅት የሚገዛ ሰው ይጠንቀቅ

በጋና ያለ ድርጅት የሚገዛ ባለሀብት ከማሽኑና ከሕንፃው በፊት የሠራተኛ መዝገቡን ማየት ይኖርበታል። በአሠራር ወይም በቴክኖሎጂ ለውጥ ምክንያት ሠራተኛ የሚቀንስ አሠሪ ከሦስት ወር በፊት ለዋናው የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊና ለማኅበሩ በጽሑፍ ማሳወቅ ግዴታው ነው። ድርጅት ሲዘጋ ወይም ከሌላ ሲዋሐድ ሥራውን የሚያጣ ሠራተኛም የቅነሳ ካሣ ያገኛል። ሕጉ የካሣውን መጠን በቁጥር አላስቀመጠም፤ ለድርድር ትቶታል። እንግዲህ «ጊዜያዊ» ተብለው ዓመታት የቆዩ 40 ሠራተኞች ያሉበትን ድርጅት የገዛ ሰው ከነዕዳው መግዛቱን ልብ ይሏል።

የስድስት ወሩ ደንብ ከአገራችን ሕግ ጋር መምታታት የለበትም። በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚመለከተው የወራቱን ቁጥር ሳይሆን የሥራውን ጠባይ ነው፤ በአዋጁ ከተዘረዘሩት ሁኔታዎች ውጭ ያለ ውል ሁሉ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል። በጋናም አዲስ የሠራተኛ ሕግ ለማውጣት ሲመከር ስለቆየ፣ ውል ከመፈራረም በፊት የአገሩን የሕግ ባለሙያ ማማከር ይገባል።

ባለሀብቱ ከመነሻው ሊያደርግ የሚገባው ሦስት ነገር ነው፦ የእያንዳንዱን ሠራተኛ የቅጥር ቀን መመዝገብ፣ የጡረታ መዋጮውንና የዕረፍት ፈቃዱን በዋጋ ስሌቱ ውስጥ ማስገባት፣ በአራተኛው ወር ላይም ማንን እንደሚያስቀርና እንደሚያሠለጥን መወሰን። ይህን ያላደረገ አሠሪ ስድስተኛው ወር ሲደርስ ውሳኔው ከእጁ ወጥቶ ያገኘዋል።