ገዳዩን አስቀድሞ የሚያሳይ ፊልም

የወንጀል ፊልም በቴሌቪዥን ሲታይ ሰው እንዴት እንደሚሆን አይታችሁ ይሆናል። ቡናው ይቀዘቅዛል። ልጅ ቢያለቅስ «ዝም በል!» ይባላል። እኛም አንድ ማታ እንዲሁ ሆነን አመሸን። ያየነው «ኮሎምቦ» የሚባለውን የአሜሪካ ፊልም ነው። እንግሊዝኛ የሚያውቅ የጎረቤት ልጅ ይተረጉምልን ነበር።

ኮሎምቦ መርማሪ ነው። መርማሪ ማለት ወንጀል ሲፈጸም ማን እንደ ሠራው የሚያጣራ ፖሊስ ነው። ሰውዬው በእውነት የነበረ አይደለም፤ ደራሲዎች የፈጠሩት ነው። ሆኖ የተጫወተው ፒተር ፎልክ የሚባል ተዋናይ ነበር። ያየነው ክፍል በፈረንጆች አቆጣጠር በ1971 የታየ ነው።

ሌላ የወንጀል ፊልም ገዳዩን እስከ መጨረሻው ይደብቃል። ይህ ግን ገና ሲጀመር ያሳያል። ከመካከላችን አንዱ «ገዳዩን ካወቅነውማ ምን ቀረ? እንተኛ እንጂ» አለ። ነገር ግን እሱም አልተኛ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሁለት ሰዎች አብረው መጽሐፍ እየደረሱ ስማቸው ገነነ። የሚጽፈው ግን አንዱ ብቻ ነው። ሁለተኛው፣ ፍራንክሊን የሚባለው፣ ስሙን ከመጽሐፉ ላይ ያስጽፋል፤ ገንዘቡንም ይካፈላል። ጸሐፊው «ከእንግዲህ ለብቻዬ እጽፋለሁ» ቢለው ፍራንክሊን ሊገድለው ቆረጠ። ከከተማ ርቆ ወዳለው የእረፍት ቤቱ ወሰደው። «ለሚስትህ ደውልላት፤ ቢሮ እየሠራሁ ነው በላት» አለው። ሰውዬው አምኖ ደወለ። እያነጋገራት ሳለ ተኩሶ ገደለው። ሚስትዮዋ ተኩሱን በጆሮዋ ሰማች፤ ባልዋ ቢሮው ውስጥ የሞተ መሰላት። ፍራንክሊን ደግሞ በዚያ ሰዓት ሩቅ አገር ነበርኩ ሊል ነው።

ኮሎምቦ መጣ። የተጨማደደ ካፖርት ለብሷል። «ይሄ ነው እንዴ ፖሊስ?» ብለን ሳቅን። ሐዘንተኛይቱ ቤት ገብቶ ዕንቁላል ሲጠብስላት ደግሞ አንዱ «ወንድ፣ ያውም ፖሊስ፣ ጓዳ ገባ!» አለ። እማማ ተቆጡ፤ «ታዲያ ለቅሶ ቤት እህል አይቀመስም?» አሉት።

ኮሎምቦ ትንንሽ ነገር ያያል። ፍራንክሊን የጓደኛውን ሞት ሲሰማ በአውሮፕላን ቶሎ መምጣት ሲችል በመኪና መጣ። በኋላም ሬሳው ደጁ ላይ ወድቆ ሳለ የመጡለትን ደብዳቤዎች ከፍቶ ኖሯል። በሐዘን ቀን ደብዳቤ ማን ያነባል? ኮሎምቦ ይህን ይዞ ይመላለሳል። ሊወጣ ሲል ይመለስና «አንድ ነገር ረስቼ» ብሎ ይጠይቃል።

በመካከሉ አንድ ጎረቤታችን ትዕግሥቱ አለቀና «ምን ያባብለዋል? ቢገርፈው ያወጣ የለም!» ብሎ ጮኸ። እማማ «ሲገርፉትማ ያላደረገውም ያወጣል» አሉ። ይህ ነገር ከፊልሙ በላይ አነጋገረን። በአገራችን ዱሮ ሌባሻይ የሚባል ነበር። ለአንድ ልጅ መድኃኒት አጠጥተው ይለቁታል፤ ሮጦ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይከፍላል። ስንቱ በከንቱ ከፈለ!

እውነቱን ለመናገር ኮሎምቦን የወደድነው ገዳዩን ስላየን ነው። ባናይ ኖሮ «ምነው ይህን ጨዋ ሰው ነዘነዘው» ባልን ነበር። በፊልም መርማሪው አይሳሳትም፤ ደራሲው ነግሮታል። በኑሯችን ግን ማን ይነግረናል?

መጨረሻውን እንንገራችሁ። ሟቹ ጸሐፊ የሰማውንም ያሰበውንም ባገኘው ወረቀት ላይ የሚጽፍ ሰው ነበር። ኮሎምቦ ወረቀቶቹን ሲያገላብጥ ያችኑ የስልክ ተንኮል ተጽፋ አገኛት። ፍራንክሊን ራሱ ከዓመታት በፊት ያመጣት ሐሳብ ናት፤ ሟቹ ለመጽሐፍ ትሆናለች ብሎ መዝግቧት ነበር። ፍራንክሊን ይህን ሲሰማ አመነ። ለዳኛ አንዲት ወረቀት ትበቃለች ወይ ብለን ተከራከርን፤ ገሚሶቻችን አትበቃም አልን።

ግረፉት ያለው ጎረቤታችን ግን አልተከራከረም። አቀርቅሮ ቆየና፣ «ያኔ በጌ ሲጠፋ ወንድሜን ጠርጥሬ ሁለት ዓመት አላነጋገርኩትም። የበጉን አጥንት ከገደሉ ሥር ያገኘሁት በኋላ ነው። እስካሁን ይቅርታ አላልኩትም» አለ። ልጁ ቴሌቪዥኑን አጠፋው። እማማ ኩራዛቸውን አነሡና፣ «ቤቱ ሩቅ አይደለም፤ ጠዋት አብሬህ እሄዳለሁ» አሉት።