ተቀባይነት ያገኘ ክሬዲትና ለዲግሪ የሚቆጠር ክሬዲት

በአሜሪካ ከምንገኘው ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ብዙዎቻችን ትምህርታችንን የጀመርነው በኮምዩኒቲ ኮሌጅ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ክፍያው ከዩኒቨርሲቲው ያነሰ ነው፤ የማታ ትምህርትም ስላለ ቀን ሠርቶ ማታ ለመማር ያመቻል። ሐሳባችን ሁለት ዓመት በዚያ፥ ሁለት ዓመት ደግሞ በዩኒቨርሲቲ ተምረን በአራት ዓመት የቴክኖሎጂ ዲግሪ ለመያዝ ነው። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን በዚህ ጉዳይ ሁለትና ሁለት ሲደመር ሁልጊዜ አራት አይሆንም።

ከመካከላችን አንዱ ማታ ማታ ኤሌክትሮኒክስ ተምሮ 60 ክሬዲት ይዞ ወደ ዩኒቨርሲቲ ተሻገረ። ከሬጅስትራሩ የደረሰው ደብዳቤ 60ውም ክሬዲት ተቀባይነት ማግኘቱን ይገልጽ ስለ ነበር ቡና አፍልተን ተደሰትን። ወደ ትምህርት ክፍሉ ሄዶ የዲግሪውን ዝርዝር ሲያመሳክር ግን የተቆጠረለት 48 ብቻ ሆነ።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ከ60ው ውስጥ 18ቱ የቋንቋ፥ የሒሳብና የመሳሰሉት ጠቅላላ ትምህርቶች ስለ ነበሩ ሁሉም ተቆጠሩ። ከ42ቱ የቴክኒክ ክሬዲቶች 24ቱ በትምህርት ክፍሉ ኮርሶች ቦታ ገቡ። የቀሩት 18 «በምርጫ የሚወሰድ» ተብለው ተመዘገቡ፤ ዲግሪው ግን በምርጫ የሚፈቅደው 6 ብቻ ነው። ስለዚህ 12 ክሬዲት በወረቀት ላይ እያለ ሥራ ፈት ሆነ። ዲግሪው 120 ክሬዲት ስለሚጠይቅ የሚቀረው 60 መሆኑ ቀርቶ 72 ሆነ። በሴሚስተር 15 ክሬዲት ለሚወስድ ተማሪ አራቱ ሴሚስተር አምስት ይሆናሉ ማለት ነው። አንድ ሴሚስተር ደግሞ የትምህርት ክፍያ ብቻ አይደለም፤ የቤት ኪራይም ነው፥ ለአገር ቤት የሚላክ ገንዘብም ነው።

ይህ የእኛ ችግር ብቻ አይደለም። ለአሜሪካ ምክር ቤት የመንግሥትን ሥራ የሚመረምረው መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ዘገባ፥ ከ2004 እስከ 2009 ትምህርት ቤት የቀየሩ ተማሪዎች በአማካይ ከክሬዲታቸው 43 በመቶ ያህሉን እንዳጡ ገምቷል።

እንግዲህ ክሬዲቱ የሚወድቀው ለምንድን ነው?

ሀ) የሁለት ዓመቱ ዲግሪ ዓይነት። አንዳንዱ ለመሻገር የተዘጋጀ ነው፤ «አፕላይድ ሳይንስ» የሚባለው ግን በመሠረቱ ተማሪውን በቀጥታ ለሥራ የሚያበቃ ነው። የወርክሾፑ ትምህርት ዋጋ ቢኖረውም በዩኒቨርሲቲው ዝርዝር ውስጥ አቻ ላይገኝለት ይችላል።

ለ) ሒሳብ። በአልጀብራና በትሪጎኖሜትሪ ላይ የቆመው የቴክኒክ ሒሳብ ካልኩለስን አይተካም። ጉዳቱም በአንድ ኮርስ አያበቃም፤ ካልኩለስን የሚከተሉት ኮርሶች ሁሉ አብረው ወደ ኋላ ይቀራሉ።

ሐ) ደረጃ። ዩኒቨርሲቲው የላይኛዎቹን ዓመታት ኮርሶች በራሱ ዘንድ እንድንወስድ ይፈልጋል። ብዙውን ጊዜም ቢያንስ 30 ክሬዲት በዚያው መማር ግዴታ ነው።

ደግሞም የኢንጂነሪንግ ቴክኖሎጂ ዲግሪና የኢንጂነሪንግ ዲግሪ አንድ አይደሉም። ፕሮግራሞችን መርምሮ ዕውቅና የሚሰጠው ኤቤት የተባለው ድርጅት ሁለቱን በተለያዩ ኮሚሽኖች ይመረምራል። የቴክኒክ ክሬዲት በይበልጥ ቦታ የሚያገኘው በቴክኖሎጂው ነው። የመሐንዲስነት ፈቃድ ሕግ ግን በየስቴቱ ስለሚለያይ፥ ፈቃድ ለማውጣት የሚያስብ ሁሉ አስቀድሞ ይጠይቅ።

መፍትሔው ከመጨረሻው መጀመር ነው።

1ኛ/ በኮሌጁ ከመመዝገባችን በፊት የምንሻገርበትን ዩኒቨርሲቲ የዲግሪ ዝርዝር በእጃችን እንያዝ።

2ኛ/ በሁለቱ ትምህርት ቤቶች መካከል ስለ ክሬዲት ማዛወር የተጻፈ ስምምነት መኖሩን እንጠይቅ። ለምሳሌ ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮምዩኒቲ ኮሌጅና ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ በ2018 «አድቫንስ» የተባለ የጋራ ፕሮግራም ጀምረዋል። በፍሎሪዳ ደግሞ የመንግሥት ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች በአንድ የኮርስ ቁጥር አሰጣጥ ይጠቀማሉ።

3ኛ/ ዲግሪው ካልኩለስ የሚጠይቅ ከሆነ ቶሎ እንውሰድ።

4ኛ/ ሬጅስትራሩ «ተቀብለናል» ቢል በዚያ አንርካ። «በየትኛው ኮርስ ቦታ ተቆጠረ?» ብለን ትምህርት ክፍሉን እንጠይቅ፤ መልሱንም በጽሑፍ እንቀበል።

5ኛ/ የየኮርሱን ሲላበስና የላቦራቶሪ ሪፖርት አንጣል።

የዚህ የመጨረሻው ምክር ጥቅም በጓደኛችን ታይቷል። አቤቱታውን ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሲያቀርብ የሦስት ኮርሶች ሲላበስ ተጠየቀ። ወረቀቶቹን ጥሏቸው ስለ ነበር የቀድሞ አስተማሪዎቹን እየዞረ ለመነ። የሁለቱን አገኘ፤ 8 ክሬዲትም ተቆጠረለት። የሚቀረው 64 በመሆኑ በሴሚስተር 16 እየወሰደ በአራት ሴሚስተር ለመጨረስ በቃ። የሦስተኛው ኮርስ አስተማሪ ግን ኮሌጁን ለቆ ስለ ነበር 4ቱ ክሬዲት በዚያው ቀረ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ከእኛ በፊት የተሻገሩት ሲላበሳቸውንና የትኛው ኮርስ በየትኛው ቦታ እንደ ተቆጠረላቸው የሚያሳየውን ወረቀት ቅጂ ለማኅበሩ ይስጡ። እኛም የየራሳችንን እንጨምር። ገና በኮምዩኒቲ ኮሌጅ ያሉት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ከመመዝገባቸው በፊት መጥተው ይመልከቱት። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፥ አንዱ በአንድ ሴሚስተር ዋጋ የተማረውን ሌላው ደግሞ መክፈል የለበትም።