ቀበና ዳር ሣር ለምትተክለው ልጄ

ከሠፈርህ ልጆች ጋር ተደራጅታችሁ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ዝቅ ብሎ ያለውን የቀበና ወንዝ ዳር ልትይዙ ነው አሉ። እሰየው ብያለሁ። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በአፈር ጥበቃ ሥራ ስለሆነ ግን ዝም ልልህ አልቻልኩም።

1. ከወንዙ አትጀምር። መጀመሪያ ሽቅብ ውጣና እንጦጦን እይ። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የተተከለው ባሕር ዛፍ ከሩቅ ደን ይመስላል፤ ሥሩ ግን ባዶ መሬት ነው። የረገፈውም ቅጠል ለማገዶ ተጠርጎ ይሄዳል። ጠራጊዎቹን እናቶች አትውቀስ፤ በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱት የልጆቻቸውን ጉርሻ ነው። ሐምሌ ሲገባ ግን ዝናቡን የሚያዘገየው ነገር ስለሌለ ውሃው ቁልቁል ይንደረደርና አፈሩን ጠራርጎ ወደ ቀበና ያወርዳል። ከቀበና ትልቁ አቃቂ፣ ከአቃቂ አባ ሳሙኤል። በጣሊያን ጊዜ የተሠራው ያ ግድብ ደለል ከሞላው በኋላ ስንት ዓመት ያለ ሥራ እንደቆመ አባትህን ጠይቀው። ስለዚህ የላይኞቹን ቦረቦሮች በድንጋይ ክትር ሳታሲዙ ታች ላይ ገንዘብ አታፍስሱ።

2. ሣሩን ከቦታው ጋር አስማማ። ቬቲቨር የሚባለው ሣር አገራችን የገባው በ1960ዎቹ መጀመሪያ በጅማ ምርምር ማዕከል በኩል፣ ለቡና ማሳ ተብሎ ነው። ሥሩ ወደ ጎን አይንሰራፋም፤ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ከተመቸው 3 ሜትር ያልፋል። በዘር ስለማይራባም እንደ አረም አያስቸግርም። ውርጭ ግን አይወድም። ስለዚህ ታች ቀበና ድልድይ አካባቢ ሞክሩት። ወደ እንጦጦ ስትወጣ ደሾ ይሻልሃል፤ የጋሞ ደጋ ሣር ነው፣ የተገኘባት ጨንቻም ብርድ አገር ናት። ለተራራው አናት ምንም መግዛት አያስፈልግም፤ ከልቅ ግጦሽ ከከለላችሁት የራሱ ሣር ይመለሳል።

3. ምንጣፍ አታንጥፍ፤ አጥር እጠር። በ2011 ዓ.ም. ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳር ይልማ ከተባለ ወዲህ ሁሉም ሰው የሚያስበው የሚያምረውን አጭር ሣር ነው። ለዓይን ጥሩ ነው፣ አልጠላሁም፤ ሥሩ ግን ገደል አይይዝም። አንተ ገመድና ውሃ ልክ ይዘህ በተዳፋቱ አግድም መስመር አውጣ። የሣሩን ግንጣይ ቅጠሉን አንድ ስንዝር ያህል፣ ሥሩን አራት ጣት ያህል አስቀርተህ ቁረጠው፤ ሁለት ሦስቱን በአንድ ጉድጓድ፣ በጉድጓዶቹ መካከል ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ብቻ ትተህ ትከል። ከዚያ በየሳምንቱ ዞረህ የደረቀውን ተካ። አንዲት ክፍተት ከተረሳች ውሃው እሷኑ ፈልጎ ይገባል፤ ከመስመሩ በታች ክንድ የሚያስገባ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ በማግስቱ ግራና ቀኝ ያለው ሣር ሥሩ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ታገኘዋለህ።

4. በሐምሌ ካሜራ ፊት አትትከል። የበልጉን ዝናብ ተጠቅመህ በሚያዝያ ትከል፤ ግንቦትን በባልዲ አጠጣ። ወንዙ ሲሞላ ሥር የሰደደ ሣር ያግኘው።

5. ሣር የማይችለውን አታሸክመው። ገደሉ የሚናደው ከእግሩ ነው፤ ውሃው ሥሩን ሲቦረቡረው ላይኛው በራሱ ክብደት ይወርዳል። እግሩን በጋቢዮን፣ ማለት በሽቦ ቅርጫት በታሰረ ድንጋይ፣ ያዝ፤ ሣሩን ከዚያ በላይ አድርግ። ከመንገድ የሚመጣ የጎርፍ ቱቦ አፉን ገደሉ ላይ ከፍቶ ካየህ ደግሞ መጀመሪያ እስከ ወንዙ ድረስ በድንጋይ ንጣፍ አውርደው። ከቱቦ ሥር ሣር መትከል ግንጣይ ማባከን ነው።

6. ማን እንደሚያጭደው ከአሁኑ ተነጋገሩ። የካ ውስጥ ላም የሚያረቡ አሉ፤ ደሾውን በማጭድ አጭደው እንዲወስዱ ብትፈቅዱላቸው ከብት ሲገባ የሚጮኹላችሁ እነሱ ይሆናሉ። ውሃው ከሚደርስበት መስመር የታጨደውን ግን ለላም አትስጡ፤ የቀበና ውሃ የተበከለ መሆኑን ታውቃለህ። እሱን ላይኛው መስመር ሥር ጎዝጉዙት።