በጆሮ የሰማነው፣ በዓይን ያየነው፣ ራሳችን ያነበብነው

ከአንድ ማሳ ጥጥ ጋቢም ይሠራል፤ ነጠላም ይሠራል። ይህን ለዶርዜና ለጨንቻ ሰው መንገር አያስፈልግም። ሴቶች ይፈትላሉ፤ ወንዶች ይሸምናሉ። ጥጡ አንድ ነው፤ ልብሱ ግን ሁለት ነው። ጋቢው ይወፍራል፣ ይሞቃል። ነጠላው ይሳሳል፣ ይቀላል።

ታሪክም እንዲሁ ነው። አንድ ታሪክ መጽሐፍ ይሆናል። ያው ታሪክ በሬዲዮ ይተረካል፤ ፊልምም ይሆናል። ታዲያ «ፊልሙን ካየሁ መጽሐፉን ማንበብ ምን ይጠቅመኛል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። በሁለት ታሪኮች እንመልከተው።

1. ፍቅር እስከ መቃብር

ሐዲስ ዓለማየሁ የጎጃም ተወላጅ ናቸው። «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውን ልብ ወለድ በ1958 ዓ.ም. አሳተሙ። ልብ ወለድ ማለት ደራሲው ከራሱ ሐሳብ ያፈለቀው ታሪክ ነው። መጽሐፉ ከ500 ገጽ በላይ አለው። በዛብህ የሚባል የድሃ ልጅ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ይወዳል፤ እሷም ትወደዋለች። ነገር ግን ዘር ይቆጠራል፤ ጋብቻው አይሆንም። መጨረሻው እንደ ስሙ ነው።

በዚያን ጊዜ ማንበብ የሚችለው ሕዝብ ጥቂት ነበር። በ1970ዎቹ ግን ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ተረከው። ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱን ድምፅ ሰጠው። ፊደል ያልቆጠረውም ሁሉ ሰማው። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ታሪኩ ለቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም ሆኖ ተሠርቷል።

ድምፅና ምስል ትልቅ ጉልበት አላቸው። ቁጣ በድምፅ ይሰማል፤ ሐዘን በፊት ላይ ይታያል። ጉድለትም አለባቸው። ሬዲዮን «ቆይ፣ ያችን ነገር ድገማት» ብትሉት አይሰማችሁም። ፊልምም ጊዜው የተወሰነ ስለሆነ ታሪኩን ያሳጥራል። ያሳጠረ ደግሞ ይቆርጣል። እንግዲህ የሚቆረጠው የማን ነገር ነው?

በመጽሐፉ ውስጥ ከፍቅሩ ሌላ የገበሬዎች ታሪክ አለ። ፊታውራሪ መሸሻ ከልማድ በላይ ስጦታ አምጡ ብለው ገበሬዎቻቸውን ያዛሉ። ገበሬዎቹ ይመክራሉ፤ እንቢ ይላሉ። ፊታውራሪ ጦር ይዘው ይዘምቱባቸዋል። አበጀ በለው የሚባለው የገበሬዎቹ መሪ ግን ይማርካቸዋል። ሰው ስለዚህ መጽሐፍ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚያወራው የሁለቱን ወጣቶች ፍቅር ነው። የገበሬው ነገር ይቀራል። ለሚያርስ ሰው የቱ ይበልጥበታል? ይህን ለመፍረድ ሙሉውን መጽሐፍ ራስ መግለጥ ያስፈልጋል።

2. የሐዋላው ታሪክ

ሁለተኛው ታሪክ ከምዕራብ አፍሪካ፣ ከሴኔጋል አገር ነው። ኡስማን ሴምቤን በወጣትነቱ የወደብ ሠራተኛ ነበር፤ በኋላ ደራሲ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ አንድ ሐዋላ አጭር ልብ ወለድ አሳተመ። ሐዋላ በፖስታ ቤት በኩል የሚላክ ገንዘብ ነው።

ኢብራሂማ ዲየንግ ፊደል ያልቆጠረ፣ ሥራ የሌለው አባወራ ነው። የእኅቱ ልጅ ከፓሪስ 25 ሺህ ፍራንክ ይልክለታል። ዲየንግ ደብዳቤውን ለማስነበብ ሌላ ሰው ዘንድ ይሄዳል። ገንዘቡን ለመቀበል መታወቂያ አምጣ ይሉታል። ለመታወቂያው ደግሞ የልደት ወረቀትና ፎቶግራፍ ይሉታል። ከቢሮ ቢሮ ይንከራተታል። በመጨረሻ የተማረ ዘመዱ ገንዘቡን አወጣልሃለሁ ብሎ ውክልና ይቀበለዋል። ያወጣና ይበላዋል፤ ሌባ ሰረቀኝም ይለዋል።

መጽሐፉ የተጻፈው በፈረንሳይኛ ነው። ስለዚህ ዲየንግን የመሰለ ሰው ስለ ራሱ የተጻፈውን ማንበብ አይችልም። ይህ ሴምቤንን አሳሰበው። እ.ኤ.አ. በ1968 ራሱ ታሪኩን «ማንዳቢ» የተባለ ፊልም አደረገው። ሰዎቹንም በአገሩ ቋንቋ በወሎፍ አናገራቸው። በአፍ መፍቻ ቋንቋ የሰሙት ነገር እንዴት ልብ ውስጥ እንደሚገባ ጋሞኛ ተናጋሪው ያውቀዋል።

አሁን ሁለቱን እናወዳድር። በፊልሙ ደብዳቤው ሲነበብ ልጁ በፓሪስ መንገድ ሲጠርግ እናያለን። ገንዘቡ በምን ድካም እንደተገኘ ማንም ሳይነግረን ይገባናል። ይህ የፊልም ብርታት ነው። በመጽሐፉ ግን ደብዳቤው በእጃችን ነው። ቆም ብለን እንቆጥራለን። 20 ሺሁ የልጁ አደራ ነው። 3 ሺሁ ለእናቱ ነው። ለዲየንግ የደረሰው 2 ሺህ ብቻ ነው! ጎረቤቱ ሁሉ ግን ሀብታም ሆነ ብሎ ብድር ይጠይቀዋል። ይህን ሒሳብ ደጋግሞ ማየት የሚቻለው በንባብ ነው።

ምን እንማራለን?

ፊልም አትዩ፣ ሬዲዮ አትስሙ ማለታችን አይደለም። በዱቡሻ ላይ ሽማግሌዎች ነገር ሲያዩ አንዱን ወገን ብቻ ሰምተው አይፈርዱም። ፊልም አንድ ምስክር ነው፤ መጽሐፍ ሌላው ምስክር ነው። ሁለቱንም ጠይቁ። ዲየንግን የጎዳው ሌላውን ምስክር መጠየቅ አለመቻሉ ነው። ወረቀቱን ያነበቡለት ሌሎች ነበሩ፤ ነገሩም በሌሎች እጅ ቀረ። እናንተ ግን ዛሬ ይህን ገጽ ራሳችሁ አንብባችሁ እዚህ ደርሳችኋል። ነገም የሚመጣላችሁን ደብዳቤ፣ የምትፈርሙበትን ወረቀት እንዲሁ አንብቡ።

ጥያቄዎች
1. ፊልም ከመጽሐፍ የሚበልጠው በምንድን ነው? መጽሐፍስ ከፊልም?
2. ሴምቤን ታሪኩን ፊልም ያደረገው ለምንድን ነው?
3. ዲየንግ ማንበብ ቢችል ኖሮ ምን ያደርግ ነበር? በቡድን ተወያዩ።
4. የምታውቁትን አንድ የጋሞ ተረት በቃል ተናገሩ፤ ከዚያም በ10 መስመር ጻፉት። ስትጽፉ የተዋችሁት ምንድን ነው? ለምን?