ደመወዙን ማን ይወስን? ሊዮ 13ኛ እና የሰፈራችን ባዳንቴዎች

የምማረው ነርሲንግ ነው፤ ስለ ገበያና ስለ መንግሥት የምጽፈው ጉዳዩ ቤታችን ድረስ ስለገባ ነው። ባደግኩበት በቶር ፒኛታራ፣ ከካዚሊና መንገድ ግራና ቀኝ፣ ባዳንቴ ሆነው የጣልያን አዛውንቶችን እየተንከባከቡ ልጆቻቸውን ያሳደጉ እናቶች አሉ። እናቴም አንዷ ናት። ስለ ደመወዛቸው ሲነሳ ሁልጊዜ የምሰማው መልስ «ተስማምታ አይደል የገባችው?» የሚል ነው።

ይህን መልስ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 13ኛ እ.ኤ.አ. ሜይ 15 ቀን 1891 ባወጡት «ሬሩም ኖቫሩም» በተባለው መልእክት መርምረውታል። ሠራተኛና አሠሪ በነጻነት ይስማሙ፤ ግን ከስምምነቱ የሚቀድም ፍትሕ አለ፤ ደመወዙ ቆጥቦ የሚኖርን ሠራተኛ ማኖር አለበት ይላሉ። ችግር አስገድዶት ወይም የባሰ እንዳይመጣ ፈርቶ ያነሰውን የተቀበለ ሰው ተበድሏል። ይኸው መልእክት ግን ሶሻሊዝምን አጥብቆ ይቃወማል፣ የግል ንብረት መብትንም ይከላከላል። አንዱ ወገን ይህን ገጽ፣ ሌላው ያንን ገጽ ብቻ እያነበበ ይከራከራል።

ታዲያ ማን ይወስን? ሊዮ መንግሥት ያለ ልክ ጣልቃ እንዳይገባ ሲሉ የሥራ ሰዓትንና ደመወዝን መጀመሪያ ማኅበራት ቢይዙት ይመርጣሉ፤ ካስፈለገ መንግሥት ይደግፋቸው። ፒዮስ 11ኛ በ1931 ሐሳቡን መርህ አደረጉት። ጣልያኖች ሱሲድያሪዬታ ይሉታል፤ ትንሹ አካል የሚችለውን ሥራ ትልቁ አይንጠቀው፣ ሲያቅተው ግን ይርዳው ማለት ነው። (ወቅቱን ልብ በሉ፤ ሙሶሊኒ ነጻ የሠራተኛ ማኅበራትን ያፈነበት ዘመን ነው።) ለኛ እድርን ማሰብ ይበቃል። ድንኳን ለመትከልና ለቀስተኛ ለማስተናገድ ቀበሌ አያስፈልግም። የኩላሊት እጥበት ለዓመታት መክፈል ግን ከእድር አቅም በላይ ነው።

እዚሁ አኳ ቡሊካንቴ መንገድ ላይ ያለውን የቫኒኒ ሆስፒታል ተመልከቱ። ባለቤቶቹ የቅዱስ ካሚሎ ልጆች የሚባሉት ደናግል ናቸው፤ ማኅበሩን ቅድስት ጁዜፒና ቫኒኒ ሮም ውስጥ የመሠረቱት በ1892፣ ከመልእክቱ በዓመቱ ነው። ድንገተኛ ክፍል የገባን ሕመምተኛ ወጪ በዋናነት የሚሸፍነው ግን በ1978 በሕግ የተቋቋመው ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ነው።

ትልልቆቻችን «መንግሥት» ሲባል ደርግ ትዝ ይላቸዋል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት የተወረሰበት ቤተሰብ ልጅ ቢጠራጠር አይገርመኝም። ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ «ቸንቴሲሙስ አኑስ»ን ያወጡት ሜይ 1 ቀን 1991 ነው፤ ደርግም የወደቀው በዚያው ወር መጨረሻ። ነጻ ገበያ ሀብትን በመጠቀም ብቃት እንዳለው ይቀበላሉ፤ የሚያስተናግደው ግን መክፈል የሚችልን ፍላጎት ብቻ እንደሆነ ያስታውሳሉ። አልጋ ላይ የዋለ የ90 ዓመት ሰው ፍላጎቱ ብዙ፣ ጡረታው ትንሽ ነው።

ነገሩ የሚከረው እዚህ ላይ ነው። ጣልያን በሕግ የተደነገገ ዝቅተኛ ደመወዝ የላትም፤ የሠራተኛና የአሠሪ ማኅበራት በኅብረት ስምምነት ይወስናሉ፣ ልክ ሊዮ እንደመረጡት። የቤት ሠራተኞች ስምምነት አሠሪዋ ቤት ለምታድር ሠራተኛ መደበኛ ሥራዋን በሳምንት 54 ሰዓት ይገድባል፣ የ36 ሰዓት ዕረፍትም ይሰጣታል። ወረቀቱ ጥሩ ነው። ግን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከአንዲት አሮጊት ጋር ብቻዋን የምትውል የምታድርን ሴት ሰዓት ማን ይቆጥርላታል? አሠሪዋም ፋብሪካ ያለው ከበርቴ አይደለም፤ ጡረተኛ ነው። ስለዚህ ማኅበሩ አለ፣ አቅሙ ግን እዚያ ቤት አይደርስም፤ በራሱ በሱሲድያሪዬታ መርህ የመንግሥት ተራ ነው።

መንግሥት ራሱን መርዳት ለማይችል ሰው «አኮምፓኛሜንቶ» የሚባል በወር ከ500 ዩሮ ትንሽ የሚበልጥ ድጎማ ይሰጣል። ተንከባካቢዋ ኮንትራት ይኑራት አይኑራት ግን አይጠይቅም። እኔ የምለው ድጎማው ይጨምር፣ ጭማሪው ግን ከኮንትራትና ከቡስታ ፓጋ ጋር ይታሰር ነው። በ2025 የተጀመረው ሙከራ ይህንኑ መንገድ ይዟል፤ ለሕጋዊ እንክብካቤ ብቻ የሚውል በወር 850 ዩሮ ይጨምራል። የሚያገኙት ግን ዕድሜያቸው 80 የሞላ፣ ሕመማቸው እጅግ የከበደና በጣም ድሃ የሆኑ ብቻ ናቸው። እናቴ የምትንከባከባቸው ሴትዮ 78 ዓመታቸው ነው።